ተዘቅዝቆ የተቀበረው ራይ

ባርድስታውን፣ ኬንታኪ
ማርች 2

ለልጅ ልጄ ለኮልቢ፤

ከአያትህ ከዴልበርት ዘንድ የሚከተለው መግለጫ ወጥቷል፤ ቆመህ አንብበው። ከገና ዋዜማ ጀምሮ ደብዛው ጠፍቶ የቆየው የግራ እግር ካልሲዬ ትናንት ከቀትር በኋላ ከሣር ማጨጃው ሞተር ሥር ተገኝቷል። አክስትህ ናዲን ሁለት ቀዳዳ አለው ትላለች፤ እኔ የቆጠርኩት አንድ ነው። ጉዳዩ በሽማግሌ ተይዟል።

አሁን ወደ ተራው ነገር። ሰላምታዬ ውቅያኖሱን ተሻግሮ ኦሳካ ድረስ ይድረስህ። ጤናውን አብዝቶ ይስጥህ፤ ጨጓራህንም ከዚያ ጥሬ ዓሣ ይጠብቅልህ። እኔ በጃንዋሪ የያዘኝ ጉንፋን ሦስት ሳምንት አልጋ ላይ ጥሎኝ ሲሰለቸው ተነሥቶ ሄዷል። ደህና ነኝ።

“የአኩሪ አተር ድልህ” ብለህ የጻፍክበት ካርቶን ደርሷል። የፖስታ ቤቷ ሴትዮ ነቅነቅ አድርጋው ድልህ እንዲህ ይንቦጫቦጫል ወይ ብትለኝ፣ የጃፓን ድልህ ቀጭን ነው አልኳት። ሦስቱም የውስኪ ብልቃጦች ደህና ናቸው። የመጀመሪያው የተቃጠለ ስኳርና ቫኒላ አለው፤ ከኋላ ደግሞ የአሮጌ ኮርቻ ቆዳ ይከተላል። ሁለተኛው ቼሪ ቼሪ ይላል። ሦስተኛው ጎበዝ ነው።

እዚሁ ደጃችን ላይ ከበቆሎ የተጠመቀ የቦርበን ውስኪ ከምድር ዳርቻ በብልቃጥ ሲላክልኝ እየሳቅሁ እቀበላለሁ። እዚህ እንደሆነ በሱቁ መስታወት ውስጥ የሚታየው ባዶ ካርቶን ብቻ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ለአሥራ ሁለት ጠርሙስ ስልሳ ሰው ተሰለፈ። ዕጣ ተጣለና ማን ቢደርሰው ጥሩ ነው? ጎረቤቴ ቨርነን። ከቢራ በቀር ቀምሶ የማያውቀው ቨርነን። ጠርሙሱን የመኪናው ወንበር ላይ ቀበቶ አስሮለት ይዞት ይዞራል።

እኔን ታውቀኛለህ፤ ከታችኛው መደርደሪያ የሚቀመጠው ነጭ ልጣፍ ያለው ቦርበን ይበቃኛል። ከእሱ በላይ የምወደው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም የፋብሪካችን ራይ፣ በበቆሎ ፈንታ ራይ ከተባለው እህል የሚጠመቀው ውስኪ፤ ፋብሪካው ሊዘጋ ሳምንት ሲቀረው እኔው ራሴ ካንከባለልኩት በርሜል የተቀዳው። በዓለም ላይ የቀረችው ጠርሙስ አንዲት ናት፤ አያትህ ኢሜልዳ፣ ነፍሷን ይማርና፣ አንተ በተወለድክ ቀን ልጣፏ ላይ “ለኮልቢ ሠርግ” ብላ በእስክሪብቶ የጻፈችባት። በአያትህ የባርኔጣ ሣጥን ውስጥ፣ ቁም ሣጥኑ ላይ አለች። ሰላም ነች።

አያትህ ዴልበርት

ኦሳካ
ኤፕሪል 9

ለተወደዱ አያቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤንነትዎ እጸልያለሁ፤ ጉልበትዎ ይበርታ፣ ዕድሜዎ ይርዘም። ስለ ካልሲው እንኳን ደስ ያለዎት። በቀዳዳው ጉዳይ እኔ ከአክስቴ ጋር ነኝ።

ከካልሲው ያነሰ ዜና እኔም አለኝ። ካናኤ እሺ ብላኛለች። ኦክቶበር 12 ቀን፣ በእርስዎ እርሻ፣ ከትልቁ የኦክ ዛፍ ሥር እንድንጋባ ፈቃድዎን እንጠይቃለን። እንግዲህ ልክ ወር ሲቀረው፣ ሴፕቴምበር 12፣ ሙሽሮቹ ከሚቆሙበት ቦታ ሙሉ ጠርሙስ አንገቱን ወደ ታች ዘቅዝቀን መቅበር እንዳለብን፣ የሠርጉን ዝናብ የሚያስቀረው እሱ እንደሆነ ለካናኤ ነገርኳት። ከሠርጉ በኋላ ጠርሙሱ ምን ይሆናል አለችኝ። ቆፍረን አውጥተን እንጠጣዋለን አልኳት። እንግዲያው ዝናቡ ሰበብ ነው አለችና ሳቀች። ወደ ቤተሰባችን የመግቢያውን ፈተና በዚህ አልፋለች።

የምትቀበረው የአያቴ የኢሜልዳ ጠርሙስ እንደሆነች ግልጽ ነው። እባክዎ ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ፤ ካናኤ የአያቴን የእጅ ጽሑፍ ማየት ፈልጋለች።

ሌላ ሦስት ብልቃጥ ልኬያለሁ። ከባቡር ጣቢያው ጀርባ አንድ ሽማግሌ ባለሱቅ አሉ፤ እኔ ሳልወለድ የታሸገ ቦርበን አቧራውን ሳያራግፉ ይሸጡልኛል። እዚህም እያለቀ ነው፤ የኬንታኪ ሰዎች ሻንጣ ይዘው እየመጡ ይጠርጉታል። በብልቃጦቹ ላይ ቁጥርና ስም ጽፌባቸዋለሁ።

አባባ፣ አይቆጡኝና አንድ ነገር ልበል። “የአሮጌ ኮርቻ ቆዳ” ያሉት፣ ከሁለት ዓመት በፊት ስለ ሌላ ጠርሙስ ከጻፉልኝ ጋር ቃል በቃል አንድ ነው። ምናልባት ሁለቱ ውስኪዎች ዘመዳሞች ይሆናሉ።

አክባሪዎ ኮልቢ

ባርድስታውን
ሜይ 30

ለኮልቢ፣ ለሙሽራው፤

እንኳን ደስ ያለህ። እሷ አንተን የመረጠችበትን ምክንያት እግዚአብሔር ይግለጥላት። ትዳራችሁን ይባርክ፣ ልጆቻችሁ መልካቸው እሷን ይምሰል። እርሻው የእናንተ ነው፤ ላሟን ብቻ አታስፈቅዷት፣ እንቢ ትላለች።

መልሴ የዘገየው በእስክሪብቶዬ ጥፋት ነው። ፎቶውን በተመለከተ ስልኬ የከብት መኖ ባልዲ ውስጥ ገብቶ ዓይኑ ታውሯል። ናዲን የእሷን ልታውሰኝ ፈልጋ ነበር፤ የሰው ስልክ አልወድም።

ብልቃጦችህን ቀምሻለሁ። ቁጥር ሁለት፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ቦርበን ያልከው፣ እጅግ ድንቅ ነው። ጣፋጭ በቆሎ፣ ማር፣ የበሰለ ሙዝ፤ ሲወርድ ደግሞ ቫኒላ። እንዲህ ያለ ቦርበን ከቀመስኩ ቆይቻለሁ።

ቢሆንም ከእንግዲህ ውስኪ አትላክልኝ፤ ለሠርግህ ገንዘብ ቆጥብ። ይልቅ ያንን አፍንጫ የሚሰነጥቀውን የጃፓን ሰናፍጭ ላክልኝ፤ ከሁሉ የሚከፋውን። ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ። አንድ ሽማግሌ ሰናፍጭ ቢያምረው ምን ይገርማል?

አያትህ

ኦሳካ
ጁን 16

ለተከበሩ አያቴ፤

እንደምን ከርመዋል? እኛ ደህና ነን። ሰናፍጩ ተልኳል።

አባባ፣ አጥፍቻለሁና መጀመሪያ ይቅርታ ልጠይቅ። ቁጥር ሁለት ላይ “ቦርበን” ብዬ የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። ውስጡ የነበረው ራይ ነው፤ ከመቶ ዘጠና አምስት እጁ ራይ። ቡሹ ሲነሣ እንስላሉና ናናው ክፍሉን ይሞላዋል። ካናኤ እንኳ ጉንፋን ይዟት ለይታዋለች። እርስዎ ደግሞ ከበርሜሉ አንድ መለኪያ ቀድተው በመጋዘኑ ስንተኛ ፎቅ ላይ እንዳረጀ በአፍንጫዎ ብቻ የሚናገሩ ሰው ነዎት። በቆሎና ሙዝ ብለው ጻፉልኝ። ስለዚህ ብልቃጡን አልቀመሱትም። ልጣፉን ነው ያነበቡት።

ካልቀመሱት ማን ጠጣው? ለማንስ ሰጡት?

አክስቴ ናዲን በስልክ ሁለት ነገር ነገረችኝ። አንደኛው፣ የከተማው ማኅበር እንደ ዓመቱ ልማድ የሚገዛውን የውስኪ በርሜል እንዲመርጡለት ሲለምንዎት ጉልበቴን አመመኝ ብለው መቅረትዎን ነው። በርሜል የሚመረጠው በጉልበት መሆኑን አላውቅም ነበር። ሁለተኛው፣ የቤተ ክርስቲያን ጃኬትዎን ለብሰው ከቨርነን ጋር ሁለት ጊዜ ሉዊቪል መሄድዎንና የሄዱበትን ለማንም አለመናገርዎን ነው። ሉዊቪል ውስጥ ለአንድ አሮጌ ጠርሙስ የመኪና ዋጋ የሚከፍሉ ሰብሳቢዎች እንዳሉ እኔም አንተም፣ ይቅርታ፣ እርስዎም እናውቃለን።

ጥያቄዬ አጭር ነው። ጠርሙሷ ቤት ውስጥ አለች ወይስ የለችም?

ኮልቢ

ባርድስታውን
ጁን 29

ለኮልቢ፣ ለመርማሪው፤

ሰላም ለአንተ ይሁን፤ ለወጥመድህም ጭምር። አያቱን እንደ አይጥ በብልቃጥ የሚያጠምድ የልጅ ልጅ ስላሳደግሁ ራሴን እመርቃለሁ።

የሰባ ዘጠኝ ዓመት ምላስ አንድ ቀን ቢሳሳት በዚህ ቤት ወንጀል ሆኗል ማለት ነው። ሉዊቪል የሄድኩት ለግል ጉዳዬ ነው። ናዲንን በሚመለከት፣ የእሷን ስልክ ያልተዋስኩት ለምን እንደሆነ አሁን ይገባሃል፤ ያ ስልክ ወሬ ያሾልካል።

ጠርሙሷን ከጠየቅኸኝ፣ ቤት ውስጥ የለችም። ተቀብራለች። በዚህ ወር መጀመሪያ፣ ከኦኩ ሥር፣ አንገቷን ወደ ታች አድርጌ በገዛ እጄ ቀበርኳት። ዕድሜዬ አይታወቅምና እስከ ሴፕቴምበር ማን ይጠብቃል ብዬ ነው። ከሠርጉ በፊት ማውጣት ደግሞ ዝናብ መጥራት መሆኑን ታውቃለህ። ስለዚህ ፎቶው ቀርቷል፤ ጨዋታውም አብቅቷል።

ሰናፍጩ ደርሷል። ደካማ ነው።

ዴልበርት

ኦሳካ
ጁላይ 20

ለአያቴ፤

ጤና ይስጥልኝ።

አራት ወር ከምናምን ተዘቅዝቃ ልትቆይ? የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ ጠርሙስ በጎኑ አስተኝቼ እጄን ቸብ ያደረጉኝ፣ ውስኪ ቡሹን ይበላዋል፣ ጠርሙስ እንደ ወታደር ቆሞ ነው የሚያድረው ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። አንድ ወር የተባለውም ለዚሁ ነው፤ ከዚያ በላይ ቡሹ አይችልም። ስለዚህ አላመንኩዎትም።

እርስዎ ከብት ጨረታ በሄዱበት ቀን አክስቴን እንድትቆፍር ለመንኳት። ቆፈረች። ጠርሙሷ አለች፤ የአያቴ ጽሑፍም አለበት። ቡሹን ነቅላ አሸተተችው። “ይሄ ራይ ከሆነ እኔ ጳጳስ ነኝ” ነው ያለችኝ። ውስጡ ያለው ያ ነጭ ልጣፍ ያለው የታችኛው መደርደሪያ ቦርበን ነው።

አባባ፣ ቢሸጡትም የራስዎ ነበር፤ ቢነግሩኝ ይገባኝ ነበር። ጠርሙሷን ባዶዋን ሊሰጡኝ ይችሉ ነበር። ነገር ግን የአያቴ የእጅ ጽሑፍ ባለበት ጠርሙስ ሌላ ነገር ሞልተው በሠርጌ ቀን ሊያጠጡኝ ነበር። እውነቱን እስኪነግሩኝ ድረስ ለኦክቶበር የአውሮፕላን ቲኬት አልቆርጥም። የካናኤ ወላጆች እዚህ ኦሳካ ትንሽ አዳራሽ አይተውልናል።

ኮልቢ

ባርድስታውን
ኦገስት 24

ለኮልቢ፤

በዚህኛው ደብዳቤ መግለጫ የለም።

ወር ሙሉ ዝም ያልኩት ተናድጄ መስሎህ ከሆነ፣ ልክ ነህ፤ የመጀመሪያውን ሳምንት ተናድጄ ነበር። የቀረውን ግን አፍሬ ነው።

አልሸጥኳትም። ጠጣኋት።

ያ የጃንዋሪ ጉንፋን ሲሄድ አፍንጫዬን ይዞት ሄደ። ናዲን በሩን በርግዳ እየሳለች እስክትገባ ድረስ መጥበሻው ላይ ያለው ሥጋ ከሰል መሆኑን አላወቅሁም። ጭሱን ዓይኔ አላየውም፤ ጋዜጣ እያነበብኩ ነበር። ሳሙናው፣ ድርቆሹ፣ ላሟ ራሷ፣ ምንም። ሉዊቪል የሄድኩት የአፍንጫ ሐኪም ዘንድ ነው። የቤተ ክርስቲያን ጃኬቴን የለበስኩት ሐኪሙ እንዲያዝንልኝ ነበር፤ አላዘነም። ሊመለስም ላይመለስም ይችላል፣ ጠብቅ አለኝ። የሰናፍጩ ምክር የቨርነን ነው።

ሠላሳ ሁለት ዓመት በመጋዘን ውስጥ ሰው የሚፈልገኝ ለአፍንጫዬ ነበር። ጉልበት ያለው ሞልቷል። ፋብሪካው ከተዘጋ በኋላም ማኅበሩ በየዓመቱ ደጄን የሚያንኳኳው ለዚችው አፍንጫ ነው። አንተስ ብትሆን? ሌሎቹ የልጅ ልጆቼ በገና ካርድ ይልኩልኛል፤ አንተ በየወሩ ትጽፍልኛለህ፣ የምትጽፍልኝም ስለ ብልቃጥ ነው። ብልቃጡ ከቀረ ምን ብለህ ልትጽፍልኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ልጣፍ እያነበብኩ መለስኩልህ፤ ሲያልቅብኝ ከድሮ ደብዳቤዎቼ ገለበጥኩ።

በፌብሩዋሪ አንድ እሑድ የአያትህን የባርኔጣ ሣጥን አወረድኩ። የጠፋ አፍንጫዬን ይህች ጠርሙስ ካልጠራችው ሌላ የሚጠራው የለም ብዬ ከፈትኳት። አንድ መለኪያ። ምላሴን አቃጠለኝ፣ ከዚያ ሌላ የለም። በሚቀጥለው እሑድ አንድ መለኪያ። እንዲህ እንዲህ ስል አራት ጣት ያህል ሲቀራት ደነገጥኩ።

ያን ጊዜ ቨርነንን ጠራሁት። አንተ አሽትተህ ንገረኝ፣ የእኔ ጆሮ ገና ደህና ነው አልኩት። ብርጭቆውን አፍንጫው ሥር አዞረው። በኋላ “ዴልበርት፣ ኢሜልዳ የእንስላል ዘር ታስቀምጥበት የነበረው የኩሽና መሳቢያ ሲከፈት ነው የሚሸተው፤ ከሥሩ እርጥብ እንጨት አለበት” አለኝ። ሸተተኝ። በአፍንጫዬ አይደለም፤ ግን ሸተተኝ። አያትህ ጀርባዋን ሰጥታኝ መሳቢያውን ስትጎትት አየኋት።

አራቱ ጣት በማርማላታ ብርሌ ውስጥ ተከድኖ አለ። ጠርሙሷን በነጭ ልጣፉ ቦርበን የሞላሁት እኔ ነኝ፤ ያደረግኩትም አንተ እንዳትጠረጥረኝ ነው፤ ምን ያህል እንደተሳካልኝ አይተኸዋል።

ሠርግህን ኦሳካ ብታደርገው መብትህ ነው። ማሽተት የማይችል ሽማግሌ ከአጠገብህ እንዲቆም ከፈለግህ ግን፣ እኔ እዚሁ ነኝ።

አያትህ

ኦሳካ
ሴፕቴምበር 4

ለምወድዎ አያቴ፤

ረጅም ዕድሜ ይስጥልኝ። ቲኬቱ ተቆርጧል፤ ኦክቶበር 7 እንገባለን። የካናኤ ወላጆችም ይመጣሉ። አባቷ ላሟን ለማየት ጓጉተዋል።

ያጠመድኩዎትን ብልቃጥ ባሰብኩ ቁጥር ወለሉ ቢውጠኝ እመርጣለሁ። ዓይኑ የጨለመበትን ሰው መንገዱ ላይ ወንበር አዙሬ እንዳደናቀፍኩ ነው የተሰማኝ። ይቅር ይበሉኝ። ደብዳቤውንም የምጽፈው ለብልቃጡ አይደለም። ብልቃጡን የምፈልገው ለመጻፊያ ሰበብ ነው።

ደንቡ ሙሉ ጠርሙስ ይላል፤ እኛ ያለን አራት ጣት ነው። ካናኤ መፍትሔ አላት። የቀረውን ራይ ወደ ጠርሙሷ ይመልሱና የጎደለውን በነጩ ልጣፍ ይሙሉት አለች፤ አንዱ የእርስዎ ጥንት፣ አንዱ የእርስዎ ዘወትር ነው ትላለች። ከእንግዲህ ደግሞ እኔ አሽትቼ እጽፍልዎታለሁ፣ እርስዎ በስንተኛው ፎቅ እንዳረጀ ይገምታሉ።

አንድ ነገር ግን ውስጤን ይከነክነኛል። ቨርነንን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ከቢራና ከናፍጣ በቀር የሚለየው ሽታ የለም። እውነት ይህን ተናግሯል?

ልጅዎ ኮልቢ

ባርድስታውን
ሴፕቴምበር 13

ለኮልቢና ለካናኤ፤

በረከት ይብዛላችሁ፤ መንገዳችሁ የቀና ይሁን።

ትናንት ተቀብራለች። ቨርነን ቆፈረ፣ ናዲን ምስክር ሆነች፣ እኔ አዘዝኩ። ብርሌውን ገልብጬ፣ በነጩ ልጣፍ እስከ አንገቷ ሞልቼ፣ አዲስ ቡሽ መትቼላት፣ ዘቅዝቄ አስገባኋት። ናዲን ፎቶ አንስታለች፤ እምነት ላጣ ሰው ማስረጃ ይሆነዋል። ለማኅበሩም የአፍንጫዬን ነገር በገዛ አፌ ነግሬያለሁ። በርሜሉን ዘንድሮ ናዲን ትመርጣለች፤ እኔ ከጎኗ ቆሜ የምትለውን እየሰማሁ ፎቁን እናገራለሁ። ለሙከራ ካሸተተቻቸው ሦስት በርሜሎች የሁለቱን አውቄያለሁ፤ ሦስተኛውን እሷ ናት የተሳሳተችው።

ስለ ቨርነን ለጠየቅኸኝ። ሐኪሙ እውነት ነው። እሑዶቹም፣ አራቱ ጣትም፣ ብርሌውም እውነት ናቸው። የመሳቢያው ነገር ግን የእኔ ፈጠራ ነው። ቨርነን ሦስት ጊዜ አሸተተና “ውስኪ ውስኪ ይሸታል” አለኝ። መሳቢያውን የከፈትኩት እኔ ነኝ።

አያትህ ዴልበርት